ሊያድኑ የሮጡት
በጎፋ ተራሮች ስለ ደረሰው የመሬት ናዳ ለአብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ አንዲት የደጋ መንደርና በዙሪያዋ ስላሉት ተራሮች ነው። መንደሪቱ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የምትገኘው ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ናት። እስከ ሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ድረስ ከአካባቢው ሰው በቀር ስሟን የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓለም ሁሉ ስሟን ጠራ፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ረሳት። እኛ የተሰበሰብነው እንዳንረሳት ነው። ማልቀስ ብቻ ሳይሆን ልንማርባትም ይገባናል።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ብርቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የተራራው ጎን ተንሸራትቶ የጥቂት ቤተ ሰቦችን ቤት ከነነዋሪዎቹ ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከየአቅጣጫው መጣ። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ሠራተኞች ሳይቀሩ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ያልያዘውም በባዶ እጁ መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ሊያድኑ የመጡትም ሊያድኗቸው ከመጡት ሰዎች ጋር አብረው ተቀበሩ።

የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ከ15,000 በላይ ሰዎች ከአደጋው ሥፍራ መነሣት እንደሚያስፈልጋቸው አስታወቀ። ከሐምሌ 20 ቀን ጀምሮም ለሦስት ቀናት ብሔራዊ የኀዘን ቀን ታወጀ። ሥፍራው ገደላማ በመሆኑ ከባድ መሣሪያ ሊደርስ ስላልቻለ፣ አስከሬን ፍለጋው ብዙ ቀን የተካሄደው በሰው እጅ ነበር።

ወገኖቼ፤ ከእነዚያ ሟቾች እጅግ ብዙዎቹ በቤታቸው ተኝተው ሳሉ የሞቱ አይደሉም። ሌላውን ለማዳን ሮጠው የሞቱ ናቸው። ይህ ነገር ልባችንን ሊነካው ይገባል። እንግዳ ሰው ከሩቅ ገንዘብ ቢልክ ዕርዳታ እንለዋለን፤ እነዚህ ግን ነፍሳቸውን ይዘው ሄዱ። ጌታ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ፍቅር ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ አስተምሮናል። በዕርዳታ ሥራ ላይ የተሰማራን ሁላችን በዚህች መንደር ሰዎች ፊት ተማሪዎች ነን።

የማን ኃጢአት ነው?

እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ በየቤቱ፣ በየለቅሶው፣ አንዳንዴም በመድረክ ላይ ይሰማል፦ «ምን ቢበድሉ ነው?» የሚል ጥያቄ። ኀዘንተኛው በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ይህን ቃል ቢሰማ፣ በአፈር ላይ አፈር መጫን ነው።

ጌታችን ራሱ ይህን ጥያቄ ያገኘው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። በሰሊሆም ግንቡ ወድቆ 18 ሰዎችን ገድሎ ነበር። ጌታም እነዚያ 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናገረ። ጥያቄውንም ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሕይወት በእግዚአብሔር ፊት እንዲያስብ አዘዘ። እንግዲህ ግንብ የወደቀበትን ሰው ኃጢአት መቁጠር ለክርስቲያን አልተሰጠውም። ለእርሱ የተሰጠው ራሱን መመርመርና ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስ ነው።

ሌላም ዓይነት ክስ አለ፤ እርሱ በመንፈሳዊ ቃል ሳይሆን በተማረ ሰው ቃል የሚመጣ ነው። «ገበሬው ገደሉን አረሰ፤ ዛፉን ቈረጠ፤ የእጁን አገኘ» ይባላል። ይህም ቢሆን ፈጥኖ የሚነገር፣ ግን ጉዳዩን የማያስረዳ ነው። ሰው ለምን በዚያ ከፍታ ላይ እንደሚኖር ሳናውቅ ልንፈርድበት አይገባንም። ስለዚህ ወደ ተራራው ሕይወት ጥቂት እንግባ።

ሰው ለምን ከተራራው ላይ ይኖራል?

የጎፋና የጋሞ ተራሮች ከኦሞ ወንዝ ሸለቆ በስተምሥራቅ ይነሣሉ። ከታች ሞቃቱ ቆላ አለ፤ ከላይ ደመና የሚያርፍበት ደጋ አለ። በሁለቱ መካከል በእግር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማይሞላ ርቀት ሆኖ ሳለ፣ አየሩም፣ እህሉም፣ በሽታውም ይለያያል።

ቆላው ሰፊ መሬት ቢኖረውም ወባ አለበት። በኦሞ ተፋሰስ ዝቅተኛ ሥፍራዎች ደግሞ ቆላ ዝንብ ትገኛለች፤ እርሷም ከብቱን በገንዲ በሽታ ትጨርሳለች። በሬ ከሞተ እርሻ የለም፤ ላም ከሞተች ለሕፃኑ ወተት፣ ለማሳውም ፍግ የለም። ስለዚህ አያቶች ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ለማትረፍ ወደ ላይ ወጡ። ለእነርሱ ተራራው አደጋ ሳይሆን መሸሸጊያ ነበር።

በዚያም እንሰትን ተከሉ። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። ቆጮና ቡላ፣ አሚቾም ይሰጣል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖና ለእቃ መጠቅለያ፣ ቃጫው ለገመድ ይሆናል። እህል ዝናብ ባጣ ዓመት ይጠፋል፤ እንሰት ግን ቆሞ ይጠብቃል። በጓሮ የቆመ እንሰት ለቤተ ሰቡ እንደ ጎተራም እንደ ባንክም ነው። ነገር ግን ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ በከፍተኛው ደጋ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። እንሰት ያለው ሰው ከስፍራው በቀላሉ አይነቃነቅም፤ ቢነቃነቅ የብዙ ዓመት ቀለቡን ትቶ ይሄዳልና።

ከእንሰቱ ጋር ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይዘራል። ቤተ ሰብ በበዛ ጊዜ ግን መሬቱ ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ ተከፋፈለ። የመጀመሪያው አባት በደልዳላው ላይ ቤት ሠራ፤ ልጁ ከጎኑ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ከቀረው ተዳፋት ላይ። ዛሬ ከገደሉ ሥር ወይም ከገደሉ አፋፍ ላይ ቤት የሠራው ወጣት አደጋውን ንቆ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ይህን የተረዳ የልማት ሠራተኛ ገበሬውን ከመክሰሱ በፊት አብሮት ተቀምጦ ያስባል።

ተራራው ለምን ይንሸራተታል?

አሁን ደግሞ ወደ አፈሩ እንመለስ። ይህን የምናገረው ለሙያተኞች ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሊያውቁት ይገባል።

የደቡብ ምዕራብ ተራሮቻችን አብዛኛው ክፍል ከጥንት ጀምሮ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በሙቀትና በዝናብ ብዛት ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ ጥልቅ የሸክላ አፈር ይሆናል። አፈሩ ለም ነው፤ ያበቅላል። ነገር ግን ከሥሩ ጠንካራው ዐለት ይቀራል። በበልግም በክረምትም ዝናብ ሲወርድ ውኃው በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ከዐለቱ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ እዚያው ይከማቻል። አፈሩ በውኃ ሲጠግብ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ክብደቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የገባው ውኃ ቅንጣቶቹን እየገፋ እርስ በርስ መያያዛቸውን ያላላል። ከታች የሚስበው ክብደት ከያዘው ኃይል በበለጠ ሰዓት፣ ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ እንደ ጭቃ ወንዝ ይወርዳል።

ስለዚህ አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ዝናብ አይደለም። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሲዘንብ ቆይቶ አፈሩ ከጠገበ በኋላ፣ በላዩ አንድ ብርቱ የሌሊት ዝናብ ሲጨመርበት ነው። ሰውም የተራራውን እግር ለቤት መሥሪያ ወይም ለመንገድ ሲቈርጠው፣ ደጋፊውን እንደ ነቀለ ይቈጠራል።

ዛፍስ አያድንም ወይ? ያድናል፤ ሥሩ የላይኛውን አፈር ያስተሳስራል፤ ከአፈሩም ውኃ ይመጥጣል። የተራቆተ ተዳፋት ከተሸፈነው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ነገር ግን የሚንሸራተተው ንጣፍ ከዛፉ ሥር በታች ጥልቅ ከሆነ ዛፉ ቆሞ እንዳለ ከማሳው ጋር አብሮ ይወርዳል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ሆኖም ችግኝ ተክለናልና ከገደሉ ሥር ተኙ ብለን ሕዝብን ልናረጋጋ አንችልም።

ለምንስ ሁለተኛ ጊዜ ተናደ? የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ የላይኛውን አፈር ደግፎ የያዘውን ክፍል ይዞት ይሄዳል። ከላይ የቀረው ያለ ድጋፍ፣ በውኃ እንደ ጠገበ፣ ተሰንጥቆ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ያሉት ሰዓታት እጅግ አደገኞች ናቸው። ሰው የሚሰበሰበው ደግሞ በእነዚያው ሰዓታት፣ ከዚያው ሥር ነው። በኬንቾ ሻቻ የደረሰው ኀዘን ጥልቀት ይህ ነው፤ ፍቅር የጠራቸው ሰዓትና ተራራው የወደቀበት ሰዓት ተገናኙ።

ወገኖች ሆይ፤ ይህ በአንድ ቀበሌ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በኮንታ ከ20 በላይ ሰዎች በናዳ ሞተዋል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ከጎፋው አደጋ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ቀጥሎም በሰሜን ጎንደር በጠለምት ወረዳ ናዳ ሰው ገድሏል። አብያተ ክርስቲያናታችን ያሉባቸው ብዙ መንደሮች በተመሳሳይ ተዳፋት ላይ ናቸው። የሚቀጥለው ክረምት ይመጣል።

በጣራው ዙሪያ መከታ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አንድ ትንሽ ሕግ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ አንድ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። የዚያ አገር ጣራ ጠፍጣፋ ነበርና ሰው ይወጣበት ነበር። እንግዲህ እግዚአብሔር ሰው ከወደቀ በኋላ የሚደረገውን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይወድቅ በፊት የሚሠራውን መከታም ያዝዛል። ሁለቱም ፍቅር ናቸው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ፍቅር ይታያል፤ ይመሰገናል። ሁለተኛው ግን ማንም አያየውም፤ ያልወደቀ ሰው እንደ ዳነ አያውቅምና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ደግሞ፣ ራብ እንደሚሆን አጋቦስ በተናገረ ጊዜ፣ በአንጾኪያ የነበሩት ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች መላክን ቈረጡ። ወሬው በደረሳቸው ጊዜ ተነሡ። ለእኛም ተራራው ምልክት ሲሰጥ ያን ጊዜ መነሣት ይገባናል።

ተራራው ምን ምልክት ይሰጣል? ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል። ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ያዘነብላል። በር ያለ ምክንያት አልዘጋም ወይም አልከፈትም ይላል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ንጹሕ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል፤ ከዚህ በፊት ውኃ ባልነበረበት ውኃ ይፈልቃል፤ ወይም የነበረው በድንገት ይደርቃል። ከመሬት ውስጥ የመሰንጠቅ ወይም የማጉረምረም ድምፅ ይሰማል። እረኞችና ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት ያያሉ። የሚጎድለው ያዩትን የሚሰማቸው፣ ሰምቶም የሚወስን ሰው ነው።

ስለዚህ ለአብያተ ክርስቲያናት የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በተራራማ ሥፍራ ያለች እያንዳንዷ ምእመናን ጉባኤ ከቀበሌው ጋር ተመካክራ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት መንደሩን በእግር ትዙር። ከስንጥቅ በታች፣ ከቦረቦር አፍ ፊት ለፊት፣ ከተቈረጠ ገደል ሥር የሚያድሩት ቤተ ሰቦች እነማን እንደ ሆኑ ይታወቅ። ዝናቡ በርትቶ ሲቀጥል እነዚህ ቤተ ሰቦች በማን ቤት እንደሚያድሩ አስቀድሞ ይወሰን። የጸሎት ቤቱ በደኅና ቦታ ላይ ከሆነ ለሌሊት ማደሪያ ይከፈት። አሮጊቷን ማን ይደግፋታል? ሕፃናቱን ማን ይቈጥራል? ከብቱስ የት ይታሰራል? ብዙ ሰው ከብቱን ትቶ አይወጣምና ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

የዝናቡን መጠን ማወቅም ከባድ ሥራ አይደለም። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በግልጥ ሥፍራ ተቀምጦ፣ በየማለዳው በማስመሪያ ተለክቶ፣ በደብተር ቢጻፍ ይበቃል። ከዓመት ወደ ዓመት መሬቱ የተንቀሳቀሰበት ቀን አብሮ ቢመዘገብ፣ መንደሩ የራሱን የአደጋ ልክ ያውቃል። ይህን የትምህርት ቤት ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ።

ጩኸት ሲሰማ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ናዳው ከወረደ በኋላስ? ወንድሙ ከአፈር በታች ሲጮኽ እየሰማ «ቁም!» የሚለው ማን ነው? እኔ አልልም፤ እናንተም አትሉም። ከተቀበረ ሰው ዘንድ ደቂቃዋ ሁሉ ውድ ናት። ስለዚህ ነገሩ ከፍቅር የተነሣ ስለ መሮጥ ነው እንጂ ስለ መቅረት አይደለም። እንዴት እንሩጥ ነው ጥያቄው።

በመጀመሪያ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን፤ ሁሉም ይታዘዙት። ሁለተኛ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆኑ አንድ ሁለት ሰዎች ከናዳው መንገድ ወጣ ብለው በጎን በኩል ከፍ ባለ ደኅና ቦታ ይቁሙና ላይኛውን ገደል ብቻ ይመልከቱ። ጥሩንባ ወይም ፉጨት በእጃቸው ይሁን፤ ድምፁ በተሰማ ጊዜ ቈፋሪው ሁሉ ያለ ክርክር ይውጣ። ሦስተኛ፣ የሚቈፍሩት ጥቂቶች ይሁኑ፤ በየተራ ይግቡ፤ ሌላው ሕዝብ ራቅ ብሎ ይቆይ። አራተኛ፣ መሸሺያው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሽሽቱም ቁልቁል በናዳው መንገድ ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን። አምስተኛ፣ የገባና የወጣ ሰው ስም ይያዝ። ላይኛው ገደል እየተሰነጠቀ ወይም አፈር እያንጠባጠበ ከሆነ ኃላፊው ሁሉንም ያስወጣ፤ ይህን ትእዛዝ መስጠት መራር ነው፤ የሚሰጠው ሰው ግን ገዳይ ሳይሆን ጠባቂ ነው።

እነዚህ አምስት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም። ቀድሞ መነጋገርን ብቻ ይጠይቃሉ። እድርና ደቦ ያለው ሕዝብ ተደራጅቶ መሥራትን ከማንም አይማርም። ለቀብር የሚነፋው ጥሩንባ ለማዳንም ሊነፋ ይችላል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የፕሮጀክት ሠራተኞች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለእናንተ ሦስት ነገር ለይቼ ልናገር።

አንደኛው ስለ እርከን ነው። የኮንሶን የድንጋይ እርከን የማያደንቅ የለም፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ኮንሶ ዝናብ የሚያጥርበት አገር ነው፤ እርከኑ ውኃውን ይዞ በማሳው ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ዝናብ በሚበዛበት፣ አፈሩ ጥልቅ ሸክላ በሆነበት፣ ተዳፋቱም በቀጠነበት ደጋ ይኸው ሥራ ቢደገም፣ ሊንሸራተት የተዘጋጀውን አፈር ውኃ እያጠጣን ማክበድ ይሆናል። በዚያ ያለው እርከን ወደ ጎን ጥቂት ያዘነበለ፣ ውኃውን በቀስታ ወደ ተጠበቀ መውረጃ የሚያደርስ መሆን አለበት። ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈር፤ ቦዩም በየዓመቱ ይጠረግ፤ የተደፈነ ቦይ ውኃውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያፈስሳልና ከሌለ ቦይ ይብሳል። በአንድ ወረዳ የተሠራ መልካም ሥራ በሌላው ወረዳ መልካም ላይሆን ይችላል፤ በኪሎ ሜትር የሚለካ ሪፖርት ይህን አያሳይም።

ሁለተኛው ስለ ራሳችን ግንባታ ነው። ምንጭ ስናጎለብት ትርፉ ውኃ ወዴት እንደሚፈስ እንመልከት፤ ከቦኖው ሥር ወደ ተሰነጠቀ ተዳፋት እየሰረገ እንዳይከርም። መንገድ ስናወጣ የተራራውን እግር ቈርጠን አፈሩን ቁልቁል በሰው ጓሮ ላይ አንጣል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለመሥራት ሕዝቡ የሚሰጠን ቦታ ብዙውን ጊዜ ማንም የማይፈልገው ተዳፋት ነው፤ ስጦታውን በምስጋና ተቀብለን፣ ከመሠረቱ በፊት ግን ከሽማግሌዎች ጋር ቦታውን እንመርምር። መከታ የሌለው ጣራ የሠራ ሰው ደሙ በቤቱ ላይ ነው የተባለው ለእኛም ነው።

ሦስተኛው ከአደጋ በኋላ ስላለው ዕርዳታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዱቄት፣ ብርድ ልብስና ድንኳን ይጎርፋል። ሥራው ግን ያን ጊዜ አይፈጸምም። ሰው ከአደጋው ሥፍራ ሲነሣ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚተወው፤ እንሰቱን፣ የዘራውን ማሳ፣ የሙታኑንም መቃብር ነው። በሠፈረበት ቦታ አዲስ እንሰት ቢተክል እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ። በመካከሉ ምን ይበላል? ለዚህ መልስ ካልተዘጋጀ፣ ሰውዬው ቀን ቀን ወደ አሮጌው ማሳ ይመለሳል፤ መንገዱ ሲረዝምበት ደግሞ በዚያው ያድራል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ቤቱን እንደ ገና በዚያው ገደል ሥር ይሠራል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ የሚደርሱ ድንች፣ ጎመንና ገብስ፣ እንሰቱ እስኪደርስም የማይቋረጥ ድጋፍ ያስፈልጋል። የእንሰት ችግኝ ስናድልም ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በችግኝና በቢላዋ ይተላለፋልና በስጦታችን ውስጥ ራብ እንዳንልክ። መቁረጫው ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት ይለብለብ።

ሰውን ስለ ማንሣትና ስለ ማስፈር አገራችን መራራ ትምህርት አላት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ተደርጓል። ብዙዎች በወባና በሌላ በሽታ ሞቱ፤ ቤተ ሰብ ተለያየ፤ ከዓመታት በኋላም ብዙዎች ወደ ቀድሞ አገራቸው ተመለሱ። ከዚህ የምንማረው ሰው ፈጽሞ አይነሣ ማለት አይደለም፤ ሊወድቅ ካለ ተራራ ሥር ሰው መነሣት አለበት። ነገር ግን የሚነሣው ሰው ራሱ ቦታውን አይቶ፣ ጎረቤቱ ከጎኑ ሆኖ፣ ወባ ወደሌለበት ወይም መድኃኒትና አጎበር ወደ ተዘጋጀበት፣ ማሳውን ሊያርስ ወደሚችልበት ቅርበት መሆን አለበት። ከእርሱ ጋር ያልተመከረበት ማዳን፣ ለእርሱ ሌላ ናዳ ነው።

የወንጌል መንገድ

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ወንጌል ወደ እነዚህ ተራሮች የመጣው በመኪና አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ነበር። በመካከሉ ምእመናኑ ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። እስር ቤት ያሉትን ወንድሞቻቸውን ምግብ ተሸክመው እየሄዱ ይመግቡ ነበር፤ የሚያመጡትንም ከእነርሱ ላልሆኑት እስረኞች ያካፍሉ ነበር። ይህን ያየ ሰው ይህ ፍቅር ከየት ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ከነቤተ ሰባቸው በእግራቸው ወደ ጎፋ፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ዳውሮና ወደ ኮንታ ወጡ። ሰው በማያውቃቸው አገር ሠፍረው፣ አርሰው፣ ታመው፣ ልጆቻቸውንም ቀብረው ቃሉን ዘሩ።

እንግዲህ በእነዚያ ተራሮች ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በእግር ከመጣ ፍቅር የተወለዱ ናቸው። ዛሬ እኛ መኪና አለን፤ ስልክ አለን፤ የዝናብ ትንበያ በየቀኑ ይነገራል። የቀደሙት ያን ሁሉ ሳይኖራቸው ደርሰው ሳለ፣ እኛ ይህን ሁሉ ይዘን ከአደጋ በኋላ ብቻ የምንደርስ ከሆንን ምን መልስ እንሰጣለን?

ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ ሦስት ነገር አድርጉ። ጸልዩ፤ በስማቸው ጸልዩ፤ ለኬንቾ ሻቻ መበለቶችና ወላጅ አልባ ሕፃናት፣ አስከሬን ሳያገኙ ላለቀሱት ሁሉ። ስጡ፤ ነገር ግን ወሬው በሞቀበት ሳምንት ብቻ ሳይሆን እንሰቱ እስኪደርስ ድረስ ባለው ዘመን ሁሉ ስጡ። ሦስተኛውም፣ ከሰኔ በፊት በየአጥቢያችሁ ተነሥታችሁ ተራራውን ዙሩ፤ ስንጥቁን እዩ፤ ቦዩን ጥረጉ፤ የሚያድሩበትን ቤት አዘጋጁ።

ሊያድኑ የሮጡት ሰዎች የሚችሉትን ሁሉ ሰጥተዋል። ከእነርሱ የሚጠየቅ ሌላ ነገር የለም። ከእኛ ግን የሚጠየቅ አለ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚሮጠው ሰው ሮጦ እንዲመለስ መንገዱን ማዘጋጀት።

የሰላም አምላክ ሥራችሁን ሁሉ ይባርክ። በተራሮቹ ላይ ያሉትን ወገኖቻችንንም በክረምቱ ሌሊት ይጠብቅልን። አሜን።